ለአንድ ሰው ሁለት መስቀል

መጠጥ ቤቷ ላ ካላንድሪያ በቀን ብርሃን ስትታይ ታሳዝናለች። ማታ ማታ ቀይ አምፖል የሚሸፍንላት ገመና ሁሉ ከሰዓት በኋላ ይገለጣል፤ የተላጠው ግድግዳ፣ በሲጋራ እየተተኮሰ የጠቆረው ባንኮኒ፣ ከሙዚቃ ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት፣ እሱም ራሱ በተራው ተበላሽቷል። ባለቤቷ ሌዮባርዶ ግን በጣም የሚወዳት በዚህ ሰዓት ነው። ሰው ከሌለ የሚስቅለት ሰው የለም፤ የሚስቅለት ከሌለ ደግሞ ፊቱን እንደፈለገ ያሳርፈዋል።

በጓዳላሃራ ከተማ፣ በአናልኮ ሰፈር፣ ቤቷን የማያውቅ የለም። የማያውቃት የሚመስል ሰው ካለ አንድ ቀን ገብቶባት ያውቃል ማለት ነው። ወንድ የሚወዱ ወንዶች የሚጠጡባት ቤት ናት። ሌዮባርዶ ሲከፍታት ጢሙ ጥቁር ነበር፤ ጢሙ ሸበተ፤ ሽበቱም ሰልችቶት ተላጨው፤ ቤቷ ግን አልተዘጋችም። ፖሊስ ገብቶ ሰባብሮ ወጥቷል፤ ቄስ ረግሞ ረግሞ ደክሞታል፤ አሁን ደግሞ ወጣቶች በስልካቸው ሊያነሷት ይመጣሉ። «ታሪካዊ ናት እኮ» እየተባባሉ አንዷን ቢራ ለሦስት ይጠጡና ሙዚቃው ጆሮ ወደሚበጥስበት ወደ ከተማው ማዶ ይሄዳሉ። ሌዮባርዶ ከኋላቸው ጠረጴዛውን ይወለውላል። ታሪክ መሆን እንዲህ ወገብ የሚያሳምም ነገር መሆኑን ማን ነግሮት።

የቤቱ ወግ ደፉን ያለፈ ወንድ ሁሉ «አንቺ» መባሉ ነው። ደላላም ይሁን ጡረታ የወጣ ሻለቃ፣ እዚህ ውስጥ እህት ነው። ሲወጣ አንተነቱን እንደ ኮት ከመስቀያው አንስቶ ለብሶ ይወጣል። ሌዮባርዶን «እትዬ ሌዮ» ይሉታል። እንደዚያ ካልጠሩት አይሰማቸውም፤ አይቀዳላቸውም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው፣ መሐል ወለሉ ላይ ከነጭ የኖራ ዱቄት የተሠራ መስቀል ተዘርግቶ ነበር። በዙሪያው አበባና ሻማ። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ለነፍሱ ዘጠኝ ቀን ይጸለያል፤ የኖራ መስቀሉም እስከዚያው ወለሉ ላይ ይተኛል። በዘጠነኛው ቀን እየተጸለየ ከራስጌው ጀምሮ ክፍል በክፍል በመጥረጊያ ይነሳና ወደ መቃብሩ ይወሰዳል፤ ሰውየውም ያኔ ሄደ ይባላል። መስቀሉን የሚያነሳው ወዳጅ ነው። ሚስት፣ ባል፣ ልጅ፣ እናት አያነሱም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ያያሉ። የራስን ሰው በገዛ እጅ ጠርጎ ማስወጣት ነውር ነው።

ይህ ነገር የቤት ነገር ነው፤ የመጠጥ ቤት አይደለም። ላ ካላንድሪያ የገባው በኤድስ ዘመን ነው። ያኔ ልጃቸው የሞተባቸው ቤተሰቦች «የሳንባ ምች ነው» እያሉ ይቀብሩ ነበር፤ ወዳጁ ለልቅሶ ሲመጣ በሩን ይዘጉበታል። የሰርግ ቀሚስ ሰፊው ኒካኖር የእሱን ኦዲሎን ያጣ ጊዜ፣ የኦዲሎን ወንድሞች ከነአበባው ውሻ ለቀቁበት። ሱሪው ተተርትሮ፣ አበባውን እንደያዘ፣ ላ ካላንድሪያ ገባ። ሌዮባርዶ ጠረጴዛውን ገፋና «መስቀሉን እዚህ እንዘርጋ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስንት መስቀል እዚያ ወለል ላይ እንደተነሳ ሌዮባርዶ አይቆጥርም፤ ጉልበቱ ይቆጥራል።

የአሁኑ መስቀል የፊደንሲዮ ነው። የበረዶ ሻጩ የፊደንሲዮ፤ ዘጠነኛ ቀኑም ዛሬ ነው።

ፊደንሲዮ መጀመሪያ ሲገባ ትልቅ የበረዶ ግንድ በጆንያ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ ነበር፤ ሸሚዙ ርሶ ከጀርባው ተጣብቆ። ሌዮባርዶ «እዚያ አስቀምጠው» ለማለት አፉን ከፍቶ የት እንደሚቀመጥ ጠፋው። ኋላ ማቀዝቀዣ ተገዛ። በረዶው ግን መምጣቱን አላቆመም። ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል፣ ጓዳ በር አጠገብ ይቀመጣል፣ ማንም ሳይነካው ይቀልጣል። ፊደንሲዮ በረዶው እስኪቀልጥ ይቆያል። ከዚያ ጆንያውን ጨምቆ ወደ ሚስቱ ይሄዳል። እንዲህ እያሉ አርጅተው ነበር፤ ፊደንሲዮ ገበያ መሐል ልቡን ይዞ እስኪወድቅ ድረስ።

የቀብሩ ዕለት ሌዮባርዶ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ ከአንድ ጠላ መሳይ የበቆሎ መጠጥ ከሚሸጥ ጋሪ ኋላ ቆሞ ዋለ። አንድ ብርጭቆ ገዝቶ ይዞት ቆመ፤ አልጠጣውም። ሳጥኑ ሲወጣ አየ። ሚስቲቱን አየ። ከዚያ ተመልሶ ኖራ ገዛ።

«አንቺ፣ ያን ሻማ ወደዚያ አርጊው» አለ ኒካኖር ከወንበሩ ሳይነሳ። «አበባውን ልታቃጥዪው ነው። ሟቹ በረዶ ሻጭ እንጂ ጥብስ ሻጭ አልነበረም።»

«አንቺ ታዲያ ተነስተሽ አታደርጊውም?» አለች ቻቤላ። «ከጠዋት ጀምሮ በአፍሽ ነው የምትሠሪው።»

ቻቤላ ቤቱን የምታስተናግደው ናት። ሌሎቹ አንቺነታቸውን ደፉ ላይ ጥለው ሲወጡ እሷ ይዛው ትወጣለች፤ ገበያም፣ አውቶቡስም፣ ቤተ ክርስቲያንም አንቺ ናት። ለዚህም በወጣትነቷ ሁለት የፊት ጥርስ ከፍላለች። በወርቅ አስተክላ «አሁን ይበልጥ አማረብኝ» ትላለች።

«እኔ ዛሬ መስቀል አንሺ ነኝ» አለ ኒካኖር። «ጉልበቴን እያጠራቀምኩ ነው። እትዬ ሌዮ፣ አንቺም ተቀመጪ እንጂ። ባልቴት ቆማ ብርጭቆ ታጥባለች እንዴ?»

ሌዮባርዶ ሳቅ አለ። እዚህ ቤት ባልቴት እሱ ነበር። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ ሰው ሲገባ እጁን እየሳመ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎታል። እነዚህን ቀናት ሁሉ ከመስቀሉ ራስጌ ያለችው ወንበር የእሱ ነበረች። ግን ብርጭቆ ካላጠበ እጁ ምን እንደሚሠራ አያውቅም።

የብረቱ በር ተንኳኳ።

«ዝግ ነው፤ ሐዘን ላይ ነን» ብላ ቻቤላ በሩን ገርበብ አደረገች፤ ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

አጭር፣ ጥቁር ሻል የደረበች፣ የገበያ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ቆማለች። ማንም ማን እንደሆነች አልጠየቀም፤ የፊደንሲዮን ሚስት ሰፈሩ ያውቃታል። ኒካኖር ከወንበሩ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁን ከደረቱ አወጣው።

«ሌዮባርዶ» አለ፣ «እንግዳ መጥቶልሃል።»

በአንዴ ሁሉም ወንድ ሆነው ቁጭ አሉ። ሴትዮዋ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ዶን ሌዮባርዶ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ ዶኛ አምፓሮ።»

«ስሜን ያውቁታል።»

«ሰፈሩ ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ከሆነማ ቤቴም የት እንዳለ ያውቃሉ።»

ሌዮባርዶ ፎጣውን ከአንድ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። ቻቤላ ወንበር ሳበችላት፤ አልተቀመጠችም። ዓይኗ ከመስቀሉ ላይ ወድቆ ቀረ። ኖራው ዳር ዳሩ በሲጋራ አመድ ትንሽ ግራጫ ሆኗል፤ የዚህ ቤት ወለል ምን ቢጠረግ አይነጣም።

«እንግዲህ እውነት ነው» አለች። «ዶኛ ትሪኒዳድ፣ ጸሎት የምትመራልን፣ ዛሬ መስቀሉን አላስነሳም ብላ ቁጭ ብላለች። ሌላ ቦታ ሌላ መስቀል ተዘርግቶለታል አሉ፤ አንድን ሰው ከሁለት ወለል ካነሳነው ነፍሱን ለሁለት መገንጠል ነው፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ኃጢአት አልሸከምም አለችኝ። እንግዶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት።»

«እንግዲህ» አለ ኒካኖር፣ «እኛ እናፍርሰው ነው የሚሉት?»

«አፍርሱ አላልኩም። አንዱ ወደ አንዱ ይምጣ ነው ያልኩት።»

«የእርስዎ ይምጣ እንግዲያው። ወለሉ እንደሚያዩት ሰፊ ነው።»

«ከአልጋ የማትወርድ እናት አለችው። ልጇን ከተኛችበት ነው የምትሸኘው።» አምፓሮ ወደ ኒካኖር አልዞረችም፤ ሌዮባርዶን ነበር የምታየው። «ሰውየው በሕይወት ሳለ ለሁለት ተከፍሎ ኖሯል፤ ያን ቻልኩት። ሞቶም ለሁለት ልክፈለው? ይህንን አልችልም፤ ደክሞኛል።»

«እኛ» አለ ሌዮባርዶ፣ ቀስ ብሎ፣ «ይህን የዘረጋነው ክፉ አስበን አይደለም። በሩ ለእኛ ክፍት አይሆንም ብለን ነው።»

«ማን አላችሁ?»

ሌዮባርዶ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ።

«እኔ አልኩ? ሰው ልኬ አትምጡ አልኩ?»

«አላሉም።»

«ለቅሶ በጥሪ ነው እንዴ የሚኬደው፣ ዶን ሌዮባርዶ? በሬ ከቀብሩ ጀምሮ ተከፍቶ ነው የሚያድረው። የማላውቀው ሰው ገብቶ ወጥቷል። ውሻ ገብቶ ወጥቷል። እኔ ደግሞ ሰው በገባ ቁጥር ቀና እያልኩ፣ ይሄ ይሆን፣ ያኛው ይሆን፣ እያልኩ አንገቴ ተቀጨ።»

ሌዮባርዶ ያን ጋሪ አሰበ። ብርጭቆውን እንደያዘ የቆመበትን ጥላ አሰበ። ማን ነበር ያባረረው? ማንም። የኒካኖርን ውሾች፣ የሌሎቹን የተዘጉ በሮች አስታውሶ፣ ገና ሂድ ሳይሉት ሄደ። ከመባረር ብዛት ሰው ራሱን በራሱ ማባረር ይለምዳል፤ አባራሪው እስኪመጣ መጠበቅ እንኳ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሞኝነት የሚሠራ ሌላ ሕዝብ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

«ማቀዝቀዣ እንዳላችሁ አውቃለሁ» አለች አምፓሮ፣ ሻሏን እየሳበች። «ያን ሁሉ ዘመን አውቃለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ እራት አዘግይቼ ነበር የማቀርበው።» ወደ በሩ ዞረች። «ጸሎቱ ሳይመሽ ነው። ኑ ብዬ አልለምንም። ከመጣችሁ ግን ኖራችሁን ይዛችሁ ኑ።»

አምፓሮ ወጥታ ሄደች።

«እንዳታስቢው» አለ ኒካኖር፤ ወደ አንቺው ተመልሷል። «አውቅሻለሁ፣ እያሰብሽው ነው።»

«እያሰብኩ አይደለም። ደክሞኛል።»

«ሁላችንም ደክሞናል። ስሚኝ እትዬ ሌዮ። እዚህ አንቺ ሚስቱ ነሽ። እጅሽን አጣጥፈሽ ትቀመጪያለሽ፣ እኔ እንበረከካለሁ፣ እኔ አነሳለሁ። እዚያ ግን ምንድን ነሽ? የመጠጥ ጓደኛው ነሽ። ቢበዛ ቢበዛ አዝነውልሽ የመስቀሉን አንዱን ክንፍ ያስነሱሻል፤ ለወዳጅ የሚሰጠውን። ባልሽን በገዛ እጅሽ ጠርገሽ ታስወጪዋለሽ፣ ከዚያ አመሰግናለሁ ብለሽ ትመለሻለሽ። ለዚህ ነው የምትሄጂው?»

«እዚህ ሚስቱ መሆኔን ማን ያውቃል?»

«እኛ እናውቃለን። እኛ ሰው አይደለንም?»

ኒካኖር እውነቱን ነው። እውነቱን ስለሆነ ሌዮባርዶን ይበልጥ ከበደው።

«ናችሁ» አለ በመጨረሻ። «ከእናንተ በላይ ሰው የለኝም። ግን በተዘጋ በር ውስጥ ባልቴት መሆን ሰለቸኝ፣ ኒካኖር። ሁልጊዜ እኛው ሞተን፣ እኛው አልቅሰን፣ እኛው ጠርገን። አንድ ሰው እንኳ በተከፈተ በር ልሸኝ።»

«እኔ ኦዲሎንን በምን በር ሸኘሁት?» አለ ኒካኖር። ድምፁ ያ የተለመደ ስለት አልነበረውም። «አንቺ አይደለሽም እንዴ ይህን ወለል የሰጠሽኝ? ወለሉ ያኔ ለእኔ በቃ፤ ዛሬ ለአንቺ አነሰሽ?»

ቻቤላ ሻማዎቹን አንድ በአንድ እፍ ማለት ጀመረች።

«ምን እያረግሽ ነው?» አላት ኒካኖር።

«ሟቹ ይሰማል» አለች። «ያ ሰውዬ ደግሞ እዚህ የሚመጣው ጭቅጭቅ ስለማይወድ ነበር። ሚስቱም ቤት ጭቅጭቅ፣ እኛም ቤት ጭቅጭቅ ከሆነ የት ይሂድ? ገሃነም?»

ያኔ ሌዮባርዶ ከባንኮኒው ስር ትንሿን መጥረጊያ አወጣ። ወደ መስቀሉ ሄዶ ባንኮኒ ላይ እንደሚደገፍ አንድ እጁን ወንበር ላይ አድርጎ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ።

«አንቺ ራስሽ?» አለ ኒካኖር። የቤት ሰው ኖራውን ከነካ የቤት ሰው መሆኑ አበቃ ማለት ነው፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። «ለእኔ ስጪኝ። ቢያንስ እኔ ልንካው።»

«እኔ ራሴ» አለ ሌዮባርዶ። «ኋላ እንዳልመለስበት።»

ያለ ጸሎት፣ ሳያነሳው፣ እንዲያው እንደ ዱቄት ሰበሰበው። ቻቤላ የተገኘውን ዕቃ አመጣች፤ የተኪላ ካርቶን ነበር። ኒካኖር ካርቶኑን አይቶ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ መልሶ ዘጋው። ባርኔጣውን ደፋ።

«እስከ በሩ ድረስ ነው የምመጣው» አለ። «ከበሩ አላልፍም። ምያለሁ።»

ሦስቱም ወጡ። ሰማዩ ዝናብ ቋጥሯል። ደፉ ላይ ኒካኖር እንደ ልማዱ «አንተ፣ ቁልፉን ይዘሃል?» አለ፤ ሌዮባርዶም «ይዤያለሁ፣ አንተ ጃንጥላህን አትርሳ» አለ። ቻቤላ ካርቶኑን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ አቅፋ ከፊታቸው ሄደች።

የፊደንሲዮ ቤት በር እውነትም ከዳር እስከ ዳር ተከፍቷል። ቅያሱን ሙሉ ሽንኩርትና የተቀቀለ በቆሎ ይሸታል፤ ለእንግዶቹ ፖሶሌ እየተሠራ ነው፣ ነጩ በቆሎ ከአሳማ ሥጋ ጋር በትልቅ ድስት። ደጃፉ ላይ አንድ ደረተ ሰፊ ሰውዬ ተገትሯል። የአምፓሮ ወንድም ኤውሴቢዮ ነው። ከእነሱ አስቀድሞ የቻቤላን የወርቅ ጥርስ አየ።

«እናንተን ማን ጠራችሁ?»

«ለቅሶ በጥሪ አይኬድም አሉ፣ ጋሼ» አለች ቻቤላ። «እኛም ዛሬ ነው የሰማነው።»

«ያ ካርቶን ምንድን ነው?»

«ኖራ ነው» አለ ሌዮባርዶ።

«የመጠጥ ቤት ጥራጊ እህቴ ቤት አይገባም። እዚያው ደጅ ድፉት።»

ሌዮባርዶ ለመዞር ትንሽ ቀረው። እግሩ የለመደውን ያውቃል። ግን ከውስጥ አምፓሮ መጣች፤ ወንድሟን እንደ ወንበር በጎኑ አልፋ ካርቶኑን ከቻቤላ እጅ ተቀበለች። ሳሎኑ ወለል ላይ ወደተዘረጋው ወደ ራሷ መስቀል ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ፣ የላ ካላንድሪያን ኖራ ከላይ ከራስጌው እስከ እግርጌው አፈሰሰችው። ነጩ ላይ ግራጫው ተጋደመ። ሰዉ ሁሉ ያያል። አሮጊቷ ዶኛ ትሪኒዳድ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ተመለከተችው፤ ከዚያ መቁጠሪያዋን አነሳች።

«አንድ ከሆነ እንጀምር» አለች።

ሌዮባርዶ ከኋለኛው ረድፍ፣ ከጎረቤት ሴቶች መሐል ተቀመጠ። ቻቤላ ከአጠገቡ። ኒካኖር በሩ ላይ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ፣ ባርኔጣውን ይዞ። ጸሎቱ ረጅም ነው። ከመኝታ ክፍሉ የአልጋ ላይ ሰው ሳል ይሰማል፤ የፊደንሲዮ እናት ናት። ሌዮባርዶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አየ፤ ፊደንሲዮ የሰርጉ ዕለት፣ ቀጭን፣ የተደናገጠ። ይህን ፊት አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው ፊት እዚህ ቤት የትም የለም። ሰው በእርግጥም ለሁለት ተከፍሎ ይኖራል።

የፊተኛው ረድፍ የቤት ሰዎች ረድፍ ነው። አምፓሮ ብቻዋን ተቀምጣበታለች፤ ልጅ አልወለዱም። አጠገቧ ያለችው ወንበር ላይ ያ የገበያ ዘንቢሏ ተቀምጧል።

«መስቀሉን የሚያነሱ ይቅረቡ» አለች ዶኛ ትሪኒዳድ።

ሌዮባርዶ ሁሉም ዓይን እንደሚጠብቀው ተሰማው። ተነሳ። መንገድ ላይ ሲለማመደው ነበር፤ ተራ ወዳጅ ሆኖ መንበርከክ፣ ተራ ወዳጅ ሆኖ ማንሳት፣ ፊቱን እንዳይጥል መጠንቀቅ። ይህችን ለማድረግ ነው የመጣው፤ ከዚህ የበለጠ አልጠየቀም። በረድፎቹ መሐል አለፈና እጁን ወደ መጥረጊያዋ ዘረጋ።

«እሱ አያነሳም» አለች አምፓሮ።

ኤውሴቢዮ ከግድግዳው ስር ወንበሩ ላይ ሆኖ ፈገግ አለ። ሌዮባርዶ እጁን ሰበሰበ። ይህችም ትንሽ ነገር እንግዲህ ቀረች፣ አለ በልቡ፤ አልገረመውም፤ ይህን ሁሉ መንገድ ከነካርቶኑ ባይመጣ ይሻለው እንደነበር ብቻ ነው ያሰበው። በሩ ላይ ኒካኖር ባርኔጣውን ሲደፋ አየው።

«አያነሳም» አለች ደግማ፣ ዝቅ ባለ፣ በደከመ ድምፅ። «የቤት ሰው አያነሳም።»

ዘንቢሏን ከወንበሩ አንስታ እግሯ ስር አስቀመጠችው።

አንድ ወንበር ሲጥ አለ። ሌዮባርዶ ወንበሯን አየ፤ አምፓሮን አየ፤ እሷ አላየችውም። መንገዱ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፤ እንደ ወንዝ ተሻገረው። ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርግ ሲጠፋው አጣጠፈው።

«አምፓሮ» አለ ኤውሴቢዮ፣ «ሰው ፊት ነን።»

«አዎ፣ ሰው ፊት ነን» አለች እህቱ። «ወንበር የጎደለው ሰው ካለ ያንተን ስጥ።»

ኤውሴቢዮ ወንበሩን ለማንም አልሰጠም፤ ትቶት ወጣ። በሩ ላይ ከኒካኖር ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ።

ዶኛ ትሪኒዳድ የፊተኛውን ረድፍ ከመነጽሯ በላይ ረዘም አድርጋ አየች። ብዙ ያየች ሴት ናት፤ ይህችንም ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠቻት። «እንግዲያው ማን ያነሳል?» አለች። «እኔ እስክሞት ልጠብቅ? አንተ፣ ባርኔጣ ያለህ።»

«እኔ ከበሩ ላላልፍ ምያለሁ» አለ ኒካኖር።

«መሐላህን ቄስ ይፈታልሃል። ጉልበትህ ይታጠፋል?»

«በዚያስ አይታማም» አለች ቻቤላ ለራሷ፤ አጠገቧ ያለችው ሴትዮ በሻሏ አፏን ሸፈነች።

ኒካኖር ደፉን አየው። ከዚያ ከውሻው ቀን ወዲህ የሐዘን ቤት ደፍ ተሻግሮ አያውቅም። ከዚያ ገባ፤ ባርኔጣውን ለቻቤላ ሰጣት፤ ሱሪውን በጉልበቱ በኩል ሳብ ሳብ አድርጎ፣ ልብስ ሰፊ ነውና፣ ተንበረከከ። ጸሎቱ እየተዘመረ ከራስጌው ጀመረ። ነጩን ከግራጫው ሳይለይ ሰበሰበው። ቀኝ ክንፉ ላይ ሲደርስ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፊደንሲዮን እምብዛም አይወደውም ነበር፤ ለማን እንደሚያለቅስ ሌዮባርዶ ያውቃል።

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለች አምፓሮ፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፣ ዓይኗ መስቀሉ ላይ እንደሆነ። «ብቻዬን እዚህ ረድፍ መቀመጥ ሰለቸኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም።»

«እሺ፣ አላውቅም።»

ኒካኖር ወደ ግራ ክንፉ ተሻገረ።

«ያንኮራፋ ነበር?» አለች።

«እኔ ጋ አልተኛም እኮ፣ ዶኛ አምፓሮ። አንድም ሌሊት።»

ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችው። «ያንኮራፋል» አለች ብቻ፤ ወደ መስቀሉ ተመለሰች።

እግርጌው ሲነሳ ወለሉ ላይ ነጣ ያለ ጥላ ብቻ ቀረ። ሴቶቹ አማተቡ። ፊደንሲዮ ሄደ። ሌዮባርዶ አንድ ነገር ከውስጡ ይላቀቃል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የተላቀቀው ወገቡ ብቻ ነው። ስንት ዘመን ቆሞ ሲያስተናግድ የኖረ ሰው፣ አሁን በዚህች ወንበር ላይ እጁን አጣጥፎ እስከ ሌሊት ቢቀመጥ ማንም ተነስ አይለውም። ባልቴት ነው። ጀርባውን ለወንበሩ ሰጠ። ዓይኑን ከደን አደረገ።

«ምን ተቀመጡ?» አለች አምፓሮ፤ ተነስታለች። «ሰዉ ሊበላ ነው። የቤት ሰው ካላስተናገደ ማን ያስተናግዳል? ሳህኖቹ ጓዳ ናቸው።»

ሌዮባርዶ ዓይኑን ገለጠ። ቻቤላ ከኋላ ረድፍ በወርቅ ጥርሷ ትስቅበታለች፤ እሷ እንግዳ ናት፣ እግሯን ዘርግታለች። ኒካኖር ጉልበቱን እያራገፈ ከጎረቤት ሴቶች መሐል ተቀምጦ «እኔ ሥጋው ባይበዛብኝ ደስ ይለኛል» ይላል ለአስተናጋጁ፤ ማለትም ለሌዮባርዶ።

ሳህን ተሸክሞ ወጣ፤ ባዶውን ይዞ ገባ። እንደገና ወጣ። ከጓዳ ሲመለስ አምፓሮ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አስያዘችው። «የእናቱ ነው። ሥጋ አታኝክም፤ በደንብ ጨፍልቀው ያጉርሷት።»

መኝታ ክፍሉ ውስጥ አሮጊቷ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ደክሟል። ሌዮባርዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በቆሎውን በማንኪያ ጀርባ ጨፈለቀ፤ እፍ ብሎ አበረደ፤ አጎረሳት። አሮጊቷ አላመጠች፤ ዋጠች፤ ማን እንደሆነ አልጠየቀችውም።

«ጨው የለውም» አለች።

ሌዮባርዶ ሳህኑን ይዞ ተመልሶ ወደ ጓዳው ገባ። አምፓሮ ጀርባዋን ሰጥታ ድስቱን ታማስላለች። የጨው ዕቃው የት እንደሆነ አያውቅም፤ መጠየቅ ነበረበት።

«ከምድጃው በላይ» አለች፣ ሳትዞር። «ሲጨርሱ ከቦታው ይመልሱት።»